ሲጠነክር የሚብስበት ጎማ፦ ለተሻሻለ መኪና የሞተር መቀመጫ እንዴት ይመረጣል?

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ቆሞ ሞተሩ የተነሳ መኪና ስታገኙ ኮፈኑን አስከፍቱና ሞተሩን ብቻ ተመልከቱ። ይርገበገባል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ ይመለሳል። አሁን እጃችሁን በሩ ላይ አሳርፉ። በሩ ያን ያህል አይንቀጠቀጥም። ያ ሁሉ መርገብገብ የት ገባ?

መልሱ ሞተሩንና ካምቢዮውን ከመኪናው አካል ጋር በሚያገናኙ ሦስት ወይም አራት ቁራጭ ጎማዎች ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ጎማ በሁለት ብረቶች መካከል ተጣብቋል፤ አንዱ ብረት በሞተሩ፣ ሌላው በሻንሲው ላይ በቡሎን ይታሰራል። በእንግሊዝኛ «ኢንጂን ማውንት» ይሉታል፤ እኔ እዚህ «የሞተር መቀመጫ» እለዋለሁ። የክራይስለር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1931 የፕሊማውዝ መኪናውን ሞተር በጎማ ላይ አስቀምጦ «ተንሳፋፊ ኃይል» በሚል ስም ሲያስተዋውቅ፣ ትልቁ ማስታወቂያው ራሱ ይኸው ጎማ ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ስለ ታሪኩ ብዬ አይደለም። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ምክር ሰጥቼ ስለነበር ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ጓደኛዬ አሮጌ ኮሮላ አለው፤ ኬኢ 70 የሚባለው፣ ሞተሩ በቁመት የተቀመጠና ኃይሉ ወደ ኋላ እግሮች የሚሄድ። የፋብሪካውን 1.3 ሊትር ሞተር አውርዶ 1.6 ሊትር የሆነውን 4ኤ-ጂኢ አስገባበት። ከዚያ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ሞተሩ ክፉኛ እየተጋደመ፣ ማርሽ ሲቀይር «ጓ!» የሚል ድምፅ ያሰማው ጀመር። «አንተ ኢንጂነር ነህ፤ ምን ዓይነት መቀመጫ ልግዛ?» አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «ጠንካራውን ግዛ» አልኩት። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ጠንከር ያለ የፖሊዩሪቴን መቀመጫ አስመጥቶ ገጠመ።

ሞተሩ መጋደሙን ተወ። ነገር ግን መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ ስፖኪዮው ይርገበገባል፤ ከኋላ ያለው ሰው አንድ ይሁን ሁለት አይለይም። ጓደኛዬ «ስፖርት መኪና እንዲህ ነው» ብሎ ተጽናና። ከጥቂት ወራት በኋላ አብረን ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ደጀን ላይ ቆምን፤ ከዚያ በኋላ ያለው የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ነው። መንቀጥቀጡ ከወትሮው ስለበዛብን ኮፈኑን ከፈትን። ሞተሩን የሚሸከመው በብየዳ የተሠራ ብረት በብየዳው ጠርዝ ላይ ተሰንጥቋል። ያን ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሞተር ኃይል ተይዘን ልንወርደው ነበር።

አልወረድንም። ግን ጥያቄው ቀረ፤ መቀመጫውን ያጠነከርነው ሞተሩን በደንብ እንዲይዝ አልነበረም እንዴ?

ዥዋዥዌውን አስቡ

ትንሽ ልጅ በዥዋዥዌ ስትገፉ የሚስማማው የራሱ ጊዜ አለው። በዚያ ጊዜ ከገፋችሁት በትንሽ ጉልበት ከፍ ይላል። ከዚያ በጣም ፈጥናችሁ እጃችሁን ብታርገበግቡ ግን ዥዋዥዌው ለእናንተ ጊዜ የለውም፤ ባለበት ይቀራል። ጎማ ላይ የተቀመጠ ሞተርም እንደዚያው ነው። የሞተሩ ክብደትና የጎማው ግትርነት ተደምረው አንድ ተፈጥሯዊ የመወዛወዝ ፍጥነት ይሰጡታል።

የሚገፋውስ ማነው? የሲሊንደሮቹ ፍንዳታ ነው። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈነዳል። ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት፣ በደቂቃ 750 ዙር ከሆነ በሰከንድ 12.5 ዙር ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ በሰከንድ 25 ጊዜ ይገፋል፤ 25 ኸርዝ እንለዋለን።

ወሳኙ ሕግ ይኸውላችሁ፦ መቀመጫው መንቀጥቀጥን መቀነስ የሚጀምረው፣ የመግፋቱ ፍጥነት ከተፈጥሯዊው ፍጥነት 1.4 እጥፍ ሲበልጥ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ሲሆን መቀመጫው የደረሰውን መንቀጥቀጥ አብዝቶ ያስተላልፋል።

በቁጥር እንየው። ለስሌት እንዲመቸን፣ በፋብሪካው ጎማ ላይ የሞተሩ ተፈጥሯዊ ፍጥነት 10 ኸርዝ ነው እንበል። 25 ለ10 ሲካፈል 2.5 ነው። የሚተላለፈው ኃይል በቀላሉ 1 ለ(2.5 ካሬ ሲቀነስ 1) ሲካፈል፣ ማለትም 19 በመቶ ገደማ ይሆናል። ለዚህ ነው በሩ ላይ ያረፈው እጃችሁ ብዙም ያልተሰማው።

አሁን ጎማውን እናጠንክረው። የጎማ ጥንካሬ የሚለካው «ሾር ኤ» በሚባል መለኪያ ነው። የመደበኛ መቀመጫ ጎማ 50 አካባቢ ይሆናል፤ የፖሊዩሪቴን መቀመጫዎች ከ60ዎቹ እስከ 90ዎቹ ይደርሳሉ። ከ50 ወደ 80 መሄድ ትንሽ ጭማሪ ይመስላል፤ አይደለም። ቅርጹ አንድ ዓይነት ከሆነ ግትርነቱ ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። ተፈጥሯዊው ፍጥነት ከግትርነቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ በ2 እጥፍ ያድግና 20 ኸርዝ ይሆናል። 25 ለ20 ሲካፈል 1.25 ብቻ! ከ1.4 በታች ወረድን። ያንኑ ስሌት ስንሠራ የሚተላለፈው 178 በመቶ ገደማ ነው።

አስተውሉ፦ ከ19 ወደ 178። በ70 ጥንካሬ ብንቆም ኖሮ ግን 56 በመቶ አካባቢ ነበር። እርግጥ ስሌቱ ጎማው ራሱ የሚያበርደውን ኃይል አልቆጠረም፤ እውነተኛ ሞተርም ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን በስድስት ዓይነት መንገድ ይንቀሳቀሳል። አቅጣጫውን ግን በትክክል ያሳየናል።

በአውራ ጎዳና ላይስ? በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሆን ግፊቱ 100 ኸርዝ ይደርሳል፤ ያው ጠንካራ መቀመጫ ያኔ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ያስተላልፋል። ለዚህ ነው ጓደኛዬ እየነዳ ደስ ብሎት፣ ሲቆም የሚንቀጠቀጠው። አንዳንድ ሰው ሚኒሞውን ከፍ አድርጎ ያመልጣል። በደቂቃ 900 ዙር ቢሆን ቁጥሩ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፤ ዋጋው ግን በቆማችሁ ቁጥር የሚቃጠል ነዳጅ ነው።

ሞተሩ ምን ያህል ይጋደማል?

«ታዲያ ለስላሳው ሞተሩን ይይዘዋል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይህንንም እናስላ። 4ኤ-ጂኢ የሚያመነጨው የመጠምዘዝ ኃይል እስከ 145 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። በአንደኛ ማርሽ በ3.6 ገደማ ይባዛል፤ 520 ኒውተን ሜትር። ሞተሩ ይህን ያህል ወደ ኋላ ሲያስተላልፍ እሱም በዚያው መጠን ወደ ተቃራኒው ይጠመዘዛል። የግራና የቀኝ መቀመጫዎች በግማሽ ሜትር ቢራራቁ አንዱ በ1,040 ኒውተን ይጫናል፣ ሌላው በዚያው ልክ ወደ ላይ ይሳባል። ከ100 ኪሎ በላይ ክብደት ማለት ነው።

ይህ ግን በባሕር ወለል ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር ሲያንስ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። 1,040ው ወደ 780 ኒውተን ይወርዳል። የመለዋወጫ ካታሎግ «ለዚህ ጉልበት ይህን ጥንካሬ» ሲል ስለ ጎጃም ደጋ አላሰበም። ቱርቦ ካለ ግን ይህ ቅናሽ ላይሠራ ይችላል።

የፊት እግር የሚነዱ መኪኖች ነገር ይለያል። ቪትዝን ውሰዱ፦ ሞተሩ በአግድም ተቀምጧል፤ ዲፈረንሻሉም ከካምቢዮው ጋር አንድ ላይ ነው። ስለዚህ መቀመጫዎቹ የሚሸከሙት በዲፈረንሻሉ ጭምር የተባዛውን ኃይል ነው፤ 1.0 ሊትር በሆነ ሞተር እንኳ በአንደኛ ማርሽ ከ1,000 ኒውተን ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ደግነቱ እንዲህ ባሉ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ መጠምዘዙን ብቻ የሚይዝ ለብቻው መቀመጫ አለ። እሱን ብቻ ማጠንከር የሞተሩን መጋደም ይቀንሳል፤ ክብደት ተሸካሚዎቹ ለስላሳ ሆነው ይቆያሉ።

ብረቱን የሰነጠቀውስ?

ጎማ የሚያበርደው የሞተሩን መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። በኮብልስቶንና በኮረኮንች መንገድ ላይ መኪናው ሲዘል ከሞተሩ ክብደት የሚመጣውንም ምት ያለዝባል። ጎማው ግትር ሲሆን ምቱ ሳይለዝብ ወደ ብረቱ ይደርሳል። አንድ ምት ብረት አይሰብርም፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ትንንሽ ምት ግን የብየዳ ጠርዝን ቀስ በቀስ ይሰነጥቃል። በተለይ ሞተር ሲቀየር በእጅ የተበየደ መያዣ ጥግ ጥጉ ላይ ደጋፊ ብረት ከሌለው መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። የዓባይ በረሃ መንገድ ደግሞ ሁለቱንም አቅጣጫ ያሠራል፦ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ በአንድ በኩል ይጠመዘዛል፣ ቁልቁል በሞተር ኃይል ሲያዝ በሌላው። ሽቦን ወዲያና ወዲህ አጥፋችሁ ስትሰብሩ እንደምታደርጉት ማለት ነው።

እንግዲህ ስትመርጡ

መጀመሪያ፣ ያለውን መርምሩ። የእጅ ፍሬን ይዛችሁ፣ ከፊት ሰው አለመኖሩን አይታችሁ፣ ፍሪሲዮኑን በጥቂቱ ስትለቁ ሞተሩ ክፉኛ ከተነሳ ጎማው ተቀዷል ወይም ከብረቱ ተላቋል። ዘይት የነካው ጎማ ያብጥና ይላሽቃል፤ ስለዚህ የዘይት ፍሳሹን ሳታስቆሙ አዲስ መቀመጫ አትግዙ።

ቀጥሎ፣ ያረጀውን በአዲስ መደበኛ ጎማ ቀይሩና ሞክሩ። ያረጀ ጎማን ከአዲስ ጠንካራ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁንም የሚጋደም ከሆነ አንድ ደረጃ ብቻ ጨምሩ፤ ከ50 ወደ 60ዎቹ ወይም ወደ 70። ሙሉ ብረት የሆነው መቀመጫ ለውድድር ሜዳ እንጂ ለከተማ መንገድ አይደለም። ግራና ቀኙን አንድ ዓይነት አድርጉ፤ አንዱን ብቻ ብታጠነክሩ ጭነቱ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። የማርሚታው ቱቦና የራዲያተሩ ጎማም ሞተሩ ሲንቀሳቀስ የሚተጣጠፉበት ቦታ ይኑራቸው።

በመጨረሻ፣ ከአንድ ወር በኋላ ቡሎኖቹን አጥብቁ፣ ብየዳዎቹንም በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ።

ደጀን ላይ የጠራነው መካኒክ አሮጌዎቹን መቀመጫዎች ከኋላ ሳጥን ውስጥ አገኛቸው። አንዱን አንስቶ በጣቱ ሲገፋው ጎማው ከብረቱ ተላቆ ወደቀ። «ልጆቼ፣ ይሄ ለስላሳ ስለሆነ አይደለም፤ ሞቶ ነው» አለን። ሞተሩ ሲጋደም የነበረው ለዚህ ነበር ለካ። ጓደኛዬ መያዣውን በደጋፊ ብረት አስበይዶ በአዲስ መደበኛ ጎማ ላይ አስቀመጠው። ዛሬ ስፖኪዮው ውስጥ ከኋላ ያለው ሰው አንድ ሆኖ ይታያል።