በጥቂት ገንዘብ መልካም የቤት ዕቃ ስለ መግዛት

አዲስ ጎጆ የሚወጡ ሰዎች ከሠርጉ ወጪ በኋላ በእጃቸው የሚተርፈው ገንዘብ ጥቂት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በዚያው በጥቂቱ ገንዘብ አልጋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ቁም ሣጥኑንና ሶፋውን በአንድ ቀን አሟልተው ቤቱን ለመሙላት ስለሚጣደፉ፣ ዕቃው ከውጭ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ውስጡን ሳይመረምሩ ይገዙታል። የዕቁቡ ዕዳ ተከፍሎ ሳያልቅ ግን የቁም ሣጥኑ መዝጊያ ይወርዳል፤ የሶፋውም መቀመጫ ይጎደጉዳል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣበት ዕድሜ ያለው ዕቃ የሚገኝበትን መንገድ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በዛሬ ጊዜ በየሱቁ ከሚታየው ቁም ሣጥንና ቡፌ ብዙው ቺፑድ ወይም ኤም ዲ ኤፍ ከሚባለው ሰሌዳ የተሠራ ነው። ቺፑድ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ኤም ዲ ኤፍ ደግሞ የላመ የእንጨት ጭረት በሙጫ ተለውሶ በሙቀት የተጨመቀ ሲሆን፣ ላዩ የእንጨት መልክ ባለው ስስ ልባስ ይሸፈናል። ይህን ዕቃ ጨርሶ መናቅ አይገባም፤ ከግድግዳ ተጠግቶ ውኃ ሳይነካው ለሚኖር መደርደሪያ ይበቃል። ነገር ግን ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው ውኃ ነው፤ ወለሉ በውኃ በሚታጠብ ቤት ውስጥ የቁም ሣጥኑ ግርጌ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ አንድ ጊዜ ካበጠም ቢደርቅ ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። ሁለተኛው መፍታትና መግጠም ነው። ብሎኑ የሚነክሰው የተጨመቀ ፍቅፋቂ ስለ ሆነ፣ ዕቃው ሁለትና ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ሲገጠም ቀዳዳው እየሰፋ ብሎኑን መያዝ ይሳነዋል። የራሱ ቤት ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው፤ በአዲስ አበባ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ለሚዛወር ቤተ ሰብ ግን ከባድ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ ሰው የምንመክረው፣ አዲሱን ቺፑድ ትቶ ያገለገለውን እውነተኛ እንጨት እንዲፈልግ ነው። ዋንዛ ለመላግ የማያስቸግር፣ መልኩ ያማረ፣ ምስጥም ቶሎ የማይደፍረው ስለ ሆነ አናጢዎቻችን ይመርጡታል። ዳሩ ግን ዛፉ እየተመናመነ በመሄዱ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቍረጥን ከልክሎ ነበር። እንዲህ ሳለ ከአያት የቀረ የዋንዛ ጠረጴዛ ስለ ጠቈረና ስለ ተጫረ ብቻ ለቁራሌው በማይረባ ዋጋ ሲሰጥ እናያለን፤ ይህም እጅግ ያሳዝነናል። የተጫረ ፊት በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቫርኒሽ ቢቀባ ይታደሳልና።

በመርካቶም ሆነ ቤቱን ለቆ ከሚሄድ ሰው ዘንድ ያገለገለ ዕቃ ስትመለከቱ ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ፤ መሳቢያውንም መዛችሁ አውጡ። የእንጨቱ መስመር ከፊቱ አልፎ በጠርዙ ላይ ቢቀጥል እውነተኛ እንጨት ነው፤ ጠርዙ ላይ ስስ ጥብጣብ ከተለጠፈ ግን ልባስ ነው። የእግሩ መጋጠሚያ ምላሱ በተፈለፈለ ጕድጓድ ገብቶ በኮላ የተያዘ ከሆነ ይበረክታል፤ በምስማር ብቻ የተመታው ቶሎ ይላላል። ወንበርም ሲሆን ተቀምጣችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተወዛወዙ፤ ሻጩ ቢስቅ ይሣቅ። የላላ ወንበር በአናጢ እጅ ይጠገናል፤ ሊፈራ የሚገባው ነቀዝ ነው። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ታይተው ከሥራቸው አዲስ ዱቄት ከረገፈ፣ ትሉ ገና በውስጡ ሊኖር ስለሚችል በነጻ ቢሰጣችሁም ወደ ቤታችሁ አታስገቡት። በጨርቅ የተለበጠ ዕቃ ከሆነም ስፌቱን ገልጣችሁ ትኋን መኖሩን መርምሩ።

ለአናጢ አዲስ ዕቃ የሚያሠራ ሰው ደግሞ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሳንቃውን ይይ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም ሳይቀንስ በወርዱ ይሰበሰባል፤ በክረምት በእርጥብ ሳንቃ የተሠራ ጠረጴዛ በበጋ ፊቱ የሚሰነጠቀው ስለዚህ ነው። ባሕር ዛፍ በተለይ ሲደርቅ የመጣመምና የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። የእንጨቱ ዓይነትና ልኩ በወረቀት ይጻፍ፤ የምግብ ጠረጴዛ ከፍታ 75 ሳንቲ ሜትር፣ የወንበር መቀመጫ 45፣ የቁም ሣጥን ጥልቀት ልብስ በመስቀያ እንዲሰቀልበት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይስማማል።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ አልጋው ይቅደም፤ ቀጥሎ ጠረጴዛውና ወንበሮቹ ይግዙ። ሶፋው ቢዘገይ ምንም አይጎድልም፤ እንግዳን በበርጩማ አስቀምጦ ቡና ማጠጣት በአገራችን ነውር ሆኖ አያውቅም። ተራው ሲደርስም መቀመጫውን በጡጫችሁ ወደ ታች ተጫኑት፤ እጃችሁ ከታች ያለውን ጣውላ ከነካ ስፖንጁ ስስ ወይም ደካማ ነውና ተዉት። በአንድ ሜትር ኩብ 30 ኪሎ ያህል የሚመዝነው ስፖንጅ ለመቀመጫ ይመረጣል፤ ከ20 በታች የሆነው ግን ቶሎ ይጎደጉዳል።