የጫካ ቡና ዛፎች የዘር ልዩነትና የቡና ንግድ

በቡና ንግድ የተሰማራ ሰው 74110 እና 74112 የሚባሉትን ቁጥሮች ሳይሰማ አይቀርም። 74 የሚለው የሚያመለክተው ዘሩ የተመረጠበትን ዘመን፣ ማለት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር 1974ን ሲሆን፣ እናት ዛፎቹ የተገኙት በኢሉባቦር፣ በመቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ በተባለ ሥፍራ ነው። ነገሩም እንዲህ ነበር። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ፤ ይኸውም አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮና አጨማዶ ከቅርንጫፉ የሚያረግፍ የሻጋታ በሽታ ነው። የጅማ የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች በታመሙት ዛፎች መካከል ፍሬያቸው ጤነኛ ሆኖ የቀሩትን እየለዩ ዘር ለቀሙ፤ ከዘሩ የበቀሉትንም በበሽታው እየፈተኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚቋቋሙ ዓይነቶችን ለገበሬው አደረሱ። መድኃኒቱ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ሳይሆን ከዚያው ከአገሩ ዛፍ የተገኘ ነበር።

እንዲህ ያለው ሀብት በሌላው ቡና አብቃይ አገር የለም ለማለት ይቻላል። ከኢትዮጵያ ወደ የመን የተሻገረው ዘር ጥቂት ነበር፤ ከየመን ወደ ጃቫ የሄደው ከዚያም ያነሰ ነው። በ1706 ከጃቫ አንድ ችግኝ ወደ አምስተርዳም የአትክልት ሥፍራ ተወሰደ፤ በ1714 ደግሞ ከዚሁ ዘር የሆነ ችግኝ ለፈረንሳይ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ተላከ። የላቲን አሜሪካ ቡና ትልቁ ክፍል የሚወለደው ከእነዚህ ጥቂት ዛፎችና ፈረንሳዮች ከየመን ወደ ቡርቦን ደሴት ካሻገሯቸው ነው። ዘሩ አንድ ዓይነት በሆነ እርሻ ላይ በሽታ ሲገባ ምን እንደሚደርስ ሴሎን አሳይታለች፤ በ1869 የቅጠል ዝገት ከታየባት በኋላ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ የቡና ንግዷ ወድቆ ወደ ሻይ ዞረች።

የጫካ ቡና በከፋ፣ በሸካ፣ በያዩና በባሌ ሐረና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሳይተከል በቅሎ ይኖራል። ደኑን ግን እርሻ፣ መንገድና ሰፈራ እየቆራረጡት፣ በብዙ ቦታ ቀድሞ አንድ የነበረው ዛሬ እንደ ደሴት ተነጣጥሎ ቀርቷል። በእንደነዚህ ያሉ ትናንሽ ደኖች የሚደርሰው ጉዳት በዓይን ቶሎ አይታይም፤ ዛፎቹ ለምልመው ፍሬ ይሰጣሉና። የዘር ውርስ ትምህርት ግን ሌላ ነገር ያስረዳል። ከብዙ ሺህ ዛፎች መካከል በጥቂቶቹ ላይ ብቻ የሚገኝ አንድ የዘር ባሕርይ ቢኖር፣ ደኑ ተመንጥሮ ሃምሳ ዛፍ ሲቀር የዚያ ባሕርይ መትረፍና መጥፋት የዕድል ጉዳይ ይሆናል። በየትውልዱም ዕጣው እንደገና ይጣላል፤ አንድ ጊዜ የጠፋው ከሌላ ደን ዘር ካልመጣ በቀር የሚመለስበት ተስፋ የለም። አረቢካ ደግሞ አበባው በአብዛኛው በራሱ ዱቄት ፍሬ የሚይዝ ስለሆነ ከጎረቤት ደን የሚያገኘው አዲስ ዘር አነስተኛ ነው። ሮቡስታ በዚህ ረገድ ይለያል፤ ያለ ሌላ ዛፍ ዱቄት ፍሬ አይይዝም።

ስለዚህ ጥበቃው ከቆጠራ መጀመር ይኖርበታል። ነጋዴ መጋዘኑን ሲቆጥር የጆንያውን ብዛት ብቻ አይመዘግብም፤ ሲዳሞ ስንት፣ ሌቀምት ስንት ብሎ ይለያል። የዘር መርማሪውም ሥራ ይህንኑ ይመስላል። ከየደኑ፣ ተራርቀው ከበቀሉ ዛፎች፣ ጥቂት ጥቂት ቅጠል ለቅሞ ያደርቃል፤ በላቦራቶሪም ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለውን የዘር ጽሑፍ አውጥቶ የአንዱን ዛፍ ከሌላው ጋር ያስተያያል። በዚህም የትኛው ደን በሌላ ቦታ የሌለ ዘር እንደያዘ፣ የትኛው ደግሞ ከጎረቤቱ እምብዛም እንደማይለይ ይታወቃል። ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ያለው የሐረና ቡና ከደቡብ ምዕራቡ በዘሩ ተለይቶ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። በደቡብ ሱዳን፣ በቦማ አምባ ላይ የቀረው ጥቂት የዱር ቡናም አለ፤ አጥኚዎች በ2012 ወደዚያ ሄደው ናሙና የሰበሰቡ ሲሆን፣ በ2021 የታተመው ጥናት ቡናው የራሱ የሆነ የተለየ ዘር እንዳለው ገልጿል። በኩንታል ብቻ የሚመዝን ሰው ለእንዲህ ያለው ደን ምንም ዋጋ ላይሰጠው ይችላል።

የሚያሳስበውም መጥረቢያው ብቻ አይደለም። ገበሬው ከጫካው ብዙ እሸት ለመልቀም ሲል ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፤ ጥላውን ያሳሳል፤ ክፍት ቦታውንም ከችግኝ ጣቢያ ባመጣው ችግኝ ይሞላል። ይህም ችግኝ በበሽታው ምክንያት ከተመረጡት ዓይነቶች አንዱ ሊሆን ይችላል። ንቦች የአበባውን ዱቄት ከተተከለው ዛፍ ወደ ጫካው ዛፍ ያመላልሳሉ። ከዓመታት በኋላ ደኑ ያው ደን ይመስላል፤ ፍሬውም የደን ቡና ተብሎ ይሸጣል፤ በውስጡ ያለው ዘር ግን በከፊል የችግኝ ጣቢያው ሆኗል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተደረገ የዘር ምርመራ ይህ መቀላቀል በእርግጥ እንደሚደርስ አሳይቷል። በዚህ 74110ን መውቀስ አይገባም፤ በጓሮና በእርሻ መሬት ላይ የሰጠው አገልግሎት ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ወደ ጫካው ገብቶ የእናቱን ዘመዶች ሲተካ፣ ለሚቀጥለው በሽታ መከላከያ የሚፈለግበትን ሥፍራ ይዘጋል።

ሌላ ሰብል ቢሆን ዘሩን አድርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ለብዙ ዘመን ማቆየት ይቻል ነበር። የቡና ዘር ይህን አይችልም፤ የሚጠበቀውም በቁም ዛፍ ነው። ለዚህም በጅማ አካባቢ በጮጬ በተቋቋመው የዘር ማቆያ እርሻ በሺህ የሚቆጠሩ ናሙናዎች ተተክለው ይገኛሉ። ሆኖም በማቆያው የቆመ ዛፍ የተሰበሰበበትን ቀን ዘር ይዞ ይቀመጣል፤ በደኑ ያለው ግን ከአየሩና ከበሽታው ጋር እየታገለ በየትውልዱ መለወጡን ስለሚቀጥል፣ አንዱ ለሌላው ምትክ አይሆንም።

ከፋና ያዩ በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የተጠበቁ ክልሎች ተብለው ተመዝግበዋል። ከክልሎቹ ውጭ የቀሩትን ትናንሽ ደኖች የሚያቆያቸው ግን በአመዛኙ የገበያው ዋጋ ነው፤ ለደን ቡና የሚከፈለው ከሌላው ካልበለጠ ገበሬው ጥላውን ቆርጦ ሌላ ቢዘራ አይፈረድበትም። ላኪውም ለአቅራቢ ገበሬዎቹ ችግኝ ከማደሉ በፊት ዘሩ ከየት እንደተለቀመ መጠየቅ ይኖርበታል። ለደን የሚሆን ችግኝ ከዚያው ደን፣ ያውም ከአንድና ከሁለት ሳይሆን ከብዙ የተራራቁ ዛፎች ከተለቀመ ፍሬ ይፈላ፤ የተመረጡትን ዓይነቶች የሚፈልግ አምራችም ከደኑ ዳር ርቆ ይትከላቸው።