የላክስተን ችካሎች

የእንግሊዝ ገጠር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የፖስትካርዱ ሥዕል ነው፦ የማር ቀለም ያለው የድንጋይ ቤት፣ በር ላይ የተጠመጠመ ጽጌረዳ፣ ድልድይ ሥር የሚዋኙ ዳክዬዎች። ኮትስወልድስ የሄደ ሰው ይህን ሁሉ አይቶ፣ ውድ ሻይ ጠጥቶ፣ መኪና ማቆሚያ አጥቶ ይመለሳል። አይከፋም። እኔ ግን የምወዳት መንደር ሌላ ናት፤ ከኒውአርክ ከተማ በሰሜን ምዕራብ፣ በኖቲንግሃምሻየር የምትገኘው ላክስተን። ሲያዩዋት ተራ ናት። ቀይ የጡብ ቤቶች፣ የሸክላ ክዳን፣ አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ መጠጥ ቤት። ብዙ ሰው በአሥር ደቂቃ አቋርጧት ያልፍና «ምኑ ነው የሚታየው?» ይላል። የሚታየው ከቤቶቹ ኋላ ነው።

መሠረታዊውን ቶሎ ልጨርስ። መንደሯ በ1086 በተጠናቀረው የዱምስዴይ መዝገብ ላይ ሰፍራለች። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጋችሁ ውሰዱ።) በስተሰሜን ኖርማኖች አፈር ከምረው የሠሩት የምሽግ ጉብታ አለ፤ ግንቡ ፈርሶ አሁን የበግ መሰማሪያ ሆኗል። በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ከድንጋዮቹ የባላባት ሐውልቶች መካከል በኦክ እንጨት የተቀረጸች አንዲት ሴት ተጋድማለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ክፍት ሆኖ ካገኛችሁት ሳታዩዋት እንዳትወጡ።

አሁን ወደ ማሳው። እንግሊዝን በአውሮፕላን መስኮት ያየ ሰው መሬቱ በቁጥቋጦ አጥር ተሸንሽኖ፣ እያንዳንዱ ገበሬ በየራሱ ግቢ ተከልሎ ነው የሚያገኘው። ላክስተን ላይ ግን ከመንደሩ ወጣ ስትሉ አጥሩ ያልቃል። ምዕራብ ማሳ፣ ደቡብ ማሳ፣ የወፍጮ ማሳ የሚባሉ ሦስት ሰፋፊ እርሻዎች ዓይን እስኪደክም ተዘርግተዋል። እያንዳንዳቸው በረዣዥም ቁራሾች የተከፈሉ ናቸው፤ በቁራሾቹ መካከል ግን አጥርም ግንብም የለም። የአንዱ ገበሬ ስንዴ የሌላውን ስንዴ እየነካ ይበቅላል። አንድ ገበሬ በሦስቱም ማሳዎች ውስጥ እዚህም እዚያም ቁራሽ አለው። ለዚህ ነው የእርሻ ቤቶቹ በየማሳው መሃል ሳይሆን መንደር ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳርና ዳር የተደረደሩት። መሬትህ በአራቱም አቅጣጫ ከተበተነ ቤትህን መሃል ላይ ትሠራለህ።

ማሳዎቹ በዙር ይታረሳሉ። አንደኛው ዘንድሮ በመከር ወቅት የክረምት ስንዴ ይዘራበታል። በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገብስ ወይም ባቄላ ያለ በፀደይ የሚዘራ እህል ይወስዳል፤ በሦስተኛው ዓመት ጦም ያድራል ወይም ማገጥና ሣር ይበቅልበታል። ሦስቱ ማሳዎች ተራ እየተቀያየሩ ይሄዳሉ። በመካከለኛው ዘመን ይህ አሠራር የእንግሊዝን መካከለኛ ምድር ከዳር እስከ ዳር ይዞት ነበር፤ ዛሬ ከነፍርድ ቤቱ በሥራ ላይ ያለው እዚህ ብቻ ነው።

ይህን ስናገር አብሮኝ ያለ ሰው ሳይቆይ «አሃ፣ የኅብረት እርሻ!» ይላል። በተለይ የደርግን ዘመን የአምራቾች ማኅበር የሚያስታውስ ሐበሻ ከሆነ ፊቱ ወዲያው ይጠቁራል፤ እንግሊዞቹም ያንኑ ይሉታል። አይደለም! ላክስተን የኅብረት እርሻ ሆና አታውቅም። ቁራሹ ባለቤት አለው፤ ዛሬ ባለቤቱ ማለት መሬቱን ተከራይቶ የሚያርሰው ገበሬ ነው። ዘሩን የሚገዛው እሱ፣ የሚያጭደው እሱ፣ ገንዘቡን ኪሱ የሚያስገባው እሱ ነው። ሰነፍ ከሆነ አረሙ የራሱ ነው፤ ጎበዝ ከሆነም ትርፉን የሚካፈለው የለም።

ታዲያ የጋራው ምኑ ነው? የጊዜው ሥርዓት ነው። ሁሉም ስንዴ በሚዘራበት ማሳ ላይ አንዱ ተነሥቶ «እኔ ባቄላ አማረኝ» ማለት አይችልም። ምክንያቱም በድሮው አሠራር እህሉ እንደተነሣ ማሳው በሙሉ ይከፈትና የሁሉም ከብት ገለባውን ይግጥ ነበር፤ የአንዱ ሰብል ዘግይቶ ቆሞ ከተገኘ ወይ ሰብሉ ይበላል ወይ መንደሩ ሁሉ እሱን ይጠብቃል። መንገዱ፣ የውሃ መውረጃ ቦዩና ያልታረሱት የሣር ሸንተረሮችም የጋራ ናቸው። የቁራሾቹ መበታተንም የዕብደት አይደለም። የላክስተን አፈር ከባድ ሸክላ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ የሚቋጥረውም ደህና የሚያጠነፍፈውም አለው። በሁሉም በኩል ጥቂት ጥቂት ያለው ሰው ዝናብ ቢበዛም ቢጠፋም ከነአካቴው ባዶ አይቀርም። ከአባቱ ሦስት ቦታ የተበተነ መሬት የወረሰ የጎጃም ገበሬ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የድሮው ቁራሽ መጠን ራሱ እንደ እኛ ጥማድ በበሬ ጉልበት የተለካ ነበር፤ አንድ ኤከር ማለት በአንድ ቀን ሊታረስ የሚችል መሬት ነበርና።

«የኅብረት እርሻ» ከሚለው ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ከበድ ያለ ምሁራዊ ካባ የለበሰ ስሕተትም አለ። ጋሬት ሃርዲን የሚባል አሜሪካዊ በ1968 በሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ፣ የጋራ ግጦሽ ካለ እያንዳንዱ ከብቱን እየጨመረ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ እስከ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል። ሃርዲን ያሰበው ግጦሽ ማንም እንደፈለገ የሚገባበት፣ ዳኛ የሌለው ሜዳ ነው። የእንግሊዝ መንደር የጋራ መሬት ግን እንዲህ ልቅ አልነበረም። ማን ስንት ከብት ያሰማራል፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ያጠፋስ ምን ይከፍላል የሚለው ሁሉ ደንብ ነበረው። እንዲህ ያሉ ደንቦች እንዴት እንደሚሠሩ ከብዙ አገር ማስረጃ ሰብስባ ያሳየችው ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ከአንድ የላክስተን ሽማግሌ ጋር ማሳ ዳር ለግማሽ ሰዓት የቆመ ሰውም እዚያው መደምደሚያ ላይ መድረሱ አይቀርም።

ሰው የላክስተንን ነገር በትክክል የሚረዳው በኖቬምበር የመጨረሻው ሐሙስ ነው። የጁሪ ቀን ይባላል። አሥራ ሁለት የማሉ ገበሬዎች አለቃቸውን ይዘው፣ በትራክተር በሚጎተት ጋሪ ተጭነው፣ በዚያው መከር ስንዴ ወደ ተዘራበት ማሳ ይወጣሉ። ቡቃያው ገና ጣት አያህልም። ሥራቸው ወሰን ማየት ነው፦ ማን ወደ መንገዱ አርሷል? ማን የጋራውን ሣር በፈር ገፍቷል? የማን ቦይ ተደፍኗል? ድንበሩ በጠፋበት ቦታ ተለክቶ አዲስ ችካል በመዶሻ ይመታል። አጥር በሌለበት አገር ችካል ማለት ሁሉ ነገር ነው።

እኔ ባየሁት ጊዜ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር፤ ጭቃው ደግሞ ጫማ ያወልቃል። ሁለት ሰዎች አንድ ቁራሽ ጫፍ ላይ ጎንበስ ብለው ፈሩን ያያሉ። የመጨረሻው ፈር ከአሮጌው ችካል አልፎ ወደ ሣሩ አንድ እርምጃ ያህል ገብቷል። ሣሩ ተገልብጦ ሥሩ ወደ ላይ ሆኗል፤ መካድ አይቻልም። የቁራሹ ባለቤት ራሱ ከዳኞቹ አንዱ ነበርና አጠገባቸው ቆሟል።

«ትራክተሩ ነው ያሳሳተኝ» አለ።

አንድ ሸምገል ያሉ ዳኛ ችካሉን ሳይለቁ፣ «አየህ ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት እዚህ ስቆም የማንም ትራክተር ከራሱ ላይ ቆርጦ ለጎረቤቱ ሲሰጥ አይቼ አላውቅም» አሉት። ሁሉም ሳቀ። ባለቤቱም ሳቀ፤ ስሙ ግን ተጻፈ።

ችካሉ ሲመታ ከኋላ የቆመው ወጣት በእግሩ አፈሩን ይረግጣል፣ ሌላው በዓይኑ ከወዲያኛው ጫፍ ጋር ያስተካክላል፤ «ትንሽ ወደ ግራ»፣ «በቃ»። ይኸው ነው። ምሳ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ደግሞ እዚያው ደቭኮት ኢን በሚባለው መጠጥ ቤት ኮርት ሊት የተሰኘው የመንደሩ ፍርድ ቤት ይቀመጣል። የባለመሬቱ ወኪል የሆነው ስቱዋርድ ይመራዋል፤ የተጻፉት ጥፋቶች ይነበባሉ፤ ጥቂት ፓውንድ መቀጫ ይጣላል፤ ለቀጣዩ የስንዴ ማሳ የሚሰየመው ጁሪ ይምላል። የባዘነ ከብት ይዞ በረት የሚያስገባ ሹምም ዛሬ ድረስ ይሾማል። ቅጣቱ ትንሽ ነው ብለው የሚያሾፉ አሉ። ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት «እገሌ የጋራ ሣር አረሰ» ተብሎ መነበብን ትንሽ ነገር የሚለው መንደር ኖሮ የማያውቅ ሰው ነው።

ደግሞ ቀልድ አይደለም። ፓርላማው በ1977 ባወጣው የፍትሕ አስተዳደር ሕግ የድሮዎቹን የባላባት ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሲሽር ሁለት ብቻ አስተረፈ፤ አንዱ በዌልስ የዴንቢ ፍርድ ቤት፣ ሌላው የላክስተን ኮርት ሊት። ስለዚህ ጎብኚዎች «እንዴት ደስ የሚል ትያትር!» ሲሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ትያትር አይደለም፤ ፍርድ ቤት ነው።

ላክስተን ብቻዋን እንዴት ተረፈች? ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,000 በላይ የአጥር ሕጎች አይቷል፤ በነዚህ ሕጎች የአገሪቱ አንድ አምስተኛ ያህል መሬት ታጠረ። የድሮው ቁራሽ ተጠቃሎ ለትልልቆቹ ሲደለደል ብዙ ድሃ ላሙን የሚያሰማራበት አጣ። ላክስተንም ላይ ማጠር ተጀምሮ ነበር፤ ግን አላለቀም። ከሚነገሩት ምክንያቶች አንዱ መሬቱን የያዙት ሁለት ትልልቅ ቤተሰቦች በልውውጡ ሳይስማሙ መቆየታቸው ነው። የጌቶች ኩርፊያ ለገበሬ ጠቅሞ ያየሁት እዚህ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቁራሾቹ ቁጥር ቀንሶ እያንዳንዱ ሰፋ ተደረገ፤ ሥርዓቱ ግን ቀጠለ። በ1952 ባለመሬቱ ኤርል ማንቨርስ መሬቱን ለግብርና ሚኒስቴር ሸጡ፤ በ1981 ወደ ዘውዱ መሬት አስተዳደር ዞረ፤ በ2020 ደግሞ የማንቨርስ ቤተሰብ የቀድሞ ይዞታ የሆነው ቶርስቢ እስቴት መልሶ ገዛው።

የድሮውን መልክ ማየት የሚሻ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውን ካርታ ይፈልግ። መሬቱን የገዛው ነጋዴ ሰር ዊልያም ኩርተን በ1635 ማርክ ፒርስ በሚባል ቀያሽ ያሠራው ነው። እያንዳንዷ ቁራሽ ተለይታ ተሥላለች፤ ዳር ዳር ላይ የሚያርሱና የሚያጭዱ ትናንሽ ሰዎች አሉ። መንደሯ ላይ ባሉ የግጦሽ መስኮች የዚያ ዘመን ትልም እስከ ዛሬ ከሣሩ ሥር ጎብጦ ይታያል። ትልሙ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ጫፉ ላይ ለስለስ ብሎ ይታጠፋል፤ ረጅም የበሬ ሰልፍ ማሳው ጫፍ ከመድረሱ በፊት መዞር መጀመር ነበረበትና።

የሣር ሸንተረሮቹን ሳላነሣ ብተው ይቆጨኛል። ሳይክስ ይሏቸዋል፤ ረባዳ ወይም ለማረሻ የማይመች ቦታ በመሆናቸው ሳይታረሱ የቀሩ ናቸው። ማረሻና ማዳበሪያ ስላልደረሰባቸው በሰኔ አካባቢ በሜዳ አበባ ይሞላሉ፤ በዚህም ምክንያት በሕግ የተጠበቁ የተፈጥሮ ቦታዎች ናቸው። ድርቆሹ በየዓመቱ በገበሬዎቹ መካከል በጨረታ ይሸጣል። እዚህ ላይ ነው ጎብኚ የሚያበሳጨኝ። የእግረኛ መንገዱ በግልጽ ምልክት ተደርጎበት ሳለ ፎቶ ለማንሣት ብሎ ሣሩ መሃል የሚተኛ አለ፤ ያ ሣር ተጫርተው የገዙት የሰው ድርቆሽ ነው። ውሻውን ከገመድ ፈትቶ ቡቃያ ላይ የሚለቅም አለ። ይባስ ብሎ ችካል ነቅሎ እንደ ከዘራ የተመረኮዘ አይቻለሁ! የዚያን ዕለት የተማርኩትን የእንግሊዝኛ ጨዋነት ሁሉ ረስቼ በአማርኛ ነው የተቆጣሁት፤ የገባው ይመስለኛል፣ መልሶ ተከለው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከመጠጥ ቤቱ ኋላ ትንሽ የጎብኚዎች ማዕከል አለች፤ መጀመሪያ እዚያ ገብታችሁ የዘንድሮው ስንዴ የትኛው ማሳ ላይ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ወደ ማሳው ውጡ። አበባ የሚወድ በሰኔ፣ ወሰን የሚወድ በኖቬምበር ይሂድ። በኖቬምበር ለሚሄድ ግን ቦቲ ጫማ ግድ ነው፤ የላክስተን ሸክላ ስኒከር አይምርም።