ለልብ ደስታ የተሠራን ድረ ገጽ በአዲስ ማዕቀፍ ስለ ማደስ

ሰው እንጀራ ከሚበላበት ሥራ ሌላ ልቡ የሚወደው ሥራ አለው። አንዱ ንብ ያረባል፤ አንዱ አትክልት ይተክላል፤ ሌላውም የአገሩን ታሪክ ይሰበስባል። በዛሬው ዘመን የሰበሰበውን በኢንተርኔት ላይ አኑሮ ሩቅ ላለ ወገኑ የሚያካፍል ብዙ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ድረ ገጽ መጀመር ቀላል ሲሆን ማቈየቱ ጭንቅ እንደ ሆነ በቤታችን የደረሰው ነገር አስተምሮናልና፥ ለሌላው ቤተ ሰብ ይጠቅም ዘንድ እንጽፈዋለን።

ከሃያ ዓመት በፊት፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ እናቴ ስለ ጃቢ ጠህናን ገጠር የነገሩኝን ጽፌ፥ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ፎቶግራፎች ጋራ በአንድ ድረ ገጽ አኑሬው ነበር። የየጐጡ ስም፥ የበርበሬውና የበቈሎው አዝመራ ወግ፥ የብር ወንዝ ሲሞላ የሚሆነው ሁሉ በዚያ ተጽፎ ነበር። ባለፈው ክረምት ከልጄ ጋራ ከፍተን ብናየው ግን ከፎቶግራፉ በቀር የሚነበብ አልነበረም። በአማርኛው ፈንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ተደርድሯል። በወረቀት የተገለበጠ ቅጅ አልነበረኝምና እጅግ ደነገጥሁ።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቍጥር ነው። ቀድሞ ለግዕዝ ፊደል የተወሰነ ቍጥር ስላልነበረ፥ የመጻፊያውን መሣሪያ የሚያዘጋጁት ሰዎች እያንዳንዳቸው እንደ መሰላቸው የላቲኑን ቍጥር ተውሰው መልኩን ብቻ ይለውጡት ነበር። መልኩን የያዘው ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ጽሑፉ ወደ ላቲን ይመለሳል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዓመት በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ግን ለግዕዝ ፊደል የራሱ ስፍራ ተሰጠው፤ «ሀ»ም 4608 የሚለውን ቍጥር ያዘች። የእኔ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ቢጻፍም፥ በእጄ የነበረው መሣሪያ የቀድሞውን መንገድ የተከተለ ነበር።

ልጄ የኮምፒዩተር ትምህርት ተማሪ ናትና፥ «አባባ፥ ይፍቀዱልኝ፤ ሁሉን በአዲስ ማዕቀፍ እንደ ገና ልሥራው» አለችኝ። ማዕቀፍ የሚባለው ለድረ ገጽ ሠሪ አስቀድሞ የተሰናዳ አጽም ነው፤ ለቤት ምሰሶውና ማገሩ እንደሚቀድም ማለት ነው። ሠሪው የገጹን ራስጌና ግርጌ አንድ ጊዜ ይቀርጸዋል፤ ማዕቀፉም በገጾቹ ሁሉ ላይ ያውለዋል።

መጀመሪያ ሪአክት በሚባለው፥ ወጣቶቹ በሚወዱት መሣሪያ ጀመረች። አንድ ወር ሙሉ ቀለሙና ተንቀሳቃሹ ጌጥ ሲሠራ ጽሑፉ ግን እንዳልተነበበ ቀረ። ስለዚህም፥ «ልጄ ሆይ፥ ጐተራ ሲታደስ አስቀድሞ እህሉ ወደ ደኅና ስፍራ ይወጣል» አልኋት። ነገሩን አስተውላ ሥራውን ከሌላው ጫፍ ያዘችው።

በመጀመሪያ የአሮጌውን ድረ ገጽ ሙሉ ቅጅ በሁለት ስፍራ አኖረች። ቀጥላም የቀድሞውን ቍጥር ከዩኒኮድ ቍጥር ጋራ የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ አዘጋጅታ ጽሑፉን መለሰችው። አማርኛው ብቅ ባለ ጊዜ ደስታችን ታላቅ ነበር። ዳሩ ግን ሠንጠረዡ «ቋ»ን በ«ቃ» ለውጦት ኖሮ «ቋንቋ» የሚለው «ቃንቃ» ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ቃል ማንም ያርመዋል፤ በጐጥ ስም ውስጥ የገባውን ስሕተት ግን አገሩን የማያውቅ ሰው ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህ የብራና ጸሐፊዎች ቅጅን ከዋናው ጋራ እንደሚያስተያዩ፥ ማታ ማታ እርስዋ እያነበበች እኔ እያዳመጥሁ አረምነው። አያትዋን ሳታያቸው ያደገችው ልጅ ወጋቸውን ሁሉ በዚያው ሰማች።

ከዚህ በኋላ ሁጎ የሚባለውን ማዕቀፍ መረጠች። እርሱ ገጾቹን አስቀድሞ አሰናድቶ ስለሚያኖር፥ የመረጃ ቋት ሳያስፈልገው በደካማ መስመርም በቶሎ ይከፈታል። ዘመዶቻችን በቡሬ ገጠር በስልክ የሚያነቡት ነውና ፎቶግራፎቹንም አቀለለቻቸው።

የቀረው የአድራሻው ነገር ነበር። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የቀድሞውን ስም ብቻ የሚያውቅ መንገደኛ ግን መሪ ካገኘ አይጠፋም። እንዲሁም የገጾቹ አድራሻ ሲለወጥ ኮምፒዩተሩ 301 በሚባለው ምልክት አሮጌውን አድራሻ የያዘውን ሰው ወደ አዲሱ እንዲመራው ተደረገ። ይህ ባይሆን 404 የሚለውን፥ ማለት «አልተገኘም» የሚለውን መልስ አይቶ ይመለስ ነበር።

ሥራው ሲፈጸም በቡሬ ለሚኖሩት ለአክስቴ በስልክ ተነበበላቸው። ጥቂት ሰምተው ዝም አሉ፤ በአንድ የጐጥ ስም ላይ ግን፥ «እኅቴ እንዲህ አላለችም፤ አንተ ነህ የሳትኸው» አሉ። ስሕተቱ ከሃያ ዓመት በፊት የእኔው ነበርና ያን ጊዜውኑ ታረመ።

እንግዲህ የቤተ ሰቡን ወግ በኢንተርኔት ያኖረ ሁሉ፥ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ገጹን ከፍቶ ይመልከት። ጽሑፉን በዩኒኮድ፥ በተራ ፋይል፥ በሁለት ስፍራ ያኑር። ዛሬ የተመረጠው ማዕቀፍም ነገ ያረጃልና፥ ማዕቀፉ በፈረሰ ጊዜ ጽሑፉ በደኅና የሚወጣበትን በር አስቀድሞ ያብጅ።