ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው መኪና

ከአዋሽ ተነስቶ ወደ ጭሮ የሚመጣ መኪና ባንድ ጉዞ ቆላውን ለቆ ወይና ደጋ ይገባል። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የሙቀት ከተማ ናት፤ ሚኤሶም ከእሷ ብዙ አትሻልም። ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ የጨርጨርን ተራሮች ይዞ እየተጠማዘዘ ይወጣና ጭሮ (የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ) ሲደርስ ከፍታው 1,800 ሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ መንገድ ጫት የጫነ አይሱዙ፣ ሕዝብ የጫነ አባዱላና ቅጥቅጥ፣ በታኅሣሥና በሐምሌ ደግሞ የቁልቢ ገብርኤልን ተሳላሚ የሚያደርስ ሁሉ ይመላለሳል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባው አቧራውን ጠጥቶ ይመለሳል። ሙቀቱ፣ አቧራውና ንዝረቱ ያደረሱት ጉዳት ዓመታት ቆይቶ ነው የሚወጣው፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣውም ሹፌሩ ዘወትር ፊት ለፊቱ እያየው ውስጡን ግን አይቶት በማያውቀው ዕቃ፣ በዳሽቦርዱ በኩል ነው።

ዳሽቦርድ ሲጀመር ቀላል ነገር ነበር። በፈረስ ሠረገላ ዘመን ከኮቴ የሚፈናጠረው ጭቃ ነጂውን እንዳይመታው ከፊት የቆመ ሳንቃ ነበር። መኪና ከመጣ በኋላ ሳንቃው ሞተሩን ከነጂው የሚለይ ግድግዳ ሆነ፤ የፍጥነትና የነዳጅ ጌጅ ተሰካበት፤ ቀጥሎ ሬዲዮ፣ ማሞቂያ፣ ኤሲ፣ በመጨረሻም ኤርባግ ገባበት። ዛሬ በዓይን የሚታየው ፕላስቲክ የላይኛው ቆዳ ብቻ ነው። ከቆዳው ሥር ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ ሥር ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ኋላ ከግራው በር ምሰሶ እስከ ቀኙ በር ምሰሶ የተዘረጋ ወፍራም ብረት አለ። የመሪው ዘንግ የተንጠለጠለው በዚህ ብረት ላይ ነው። ከብረቱ በስተጀርባ ማራገቢያው፣ የኤሲው ኢቫፖሬተርና የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር አብረው የታሸጉበት ትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ተቀምጧል፤ በመካከሉ ክንድ የሚያህል የሽቦ ጥቅል ያልፋል። ብዙ ፋብሪካዎች ይህን ሁሉ ከመኪናው ውጭ ገጣጥመው ባንድ ላይ በበሩ በኩል ያስገቡታል። ለፋብሪካው ጊዜ ይቆጥባል። ለጠጋኙ ግን ከሥር ያለች አንዲት ቱቦ ብታፈስ እጁን እዚያ ለማድረስ ከላይ ያለውን ሁሉ ማንሳት ግድ ይሆንበታል፤ የሚከፈለው የሥራ ዋጋም የዚሁ ነው።

ዳሽቦርድ የሚያስፈታው ምክንያት ከጭሮ መንገድ ጋር ይያያዛል። ኢቫፖሬተሩ ሲሠራ ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ አቧራው ይለጠፍበታል፤ እርጥበቱና ቆሻሻው አብረው አልሙኒየሙን ይበሉትና ጋዙ ማምለጥ ይጀምራል። የማሞቂያው ራዲያተር ሲያፈስ ደግሞ መኪናው ውስጥ ጣፋጭ የሚመስል ሽታ ይመጣል፣ የፊት መስታወቱ ያለ ምክንያት ጉም ይለብሳል፣ ከምንጣፉ ሥር እርጥበት ይገኛል። አይጥ የበላው ሽቦ፣ ሬዲዮ ሲቀየር ያለ ሥርዓት የተቀጠለ መስመር፣ በፀሐይ የተሰነጠቀ ቆዳ፣ በኮረኮንች ላይ እረፍት የሚነሳ ኩርኩርታ፣ እነዚህም አሉ።

ከሁሉ በፊት ግን መሳቢያውን ማውለቅ ይገባል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የአየር ማጣሪያውና የማራገቢያው ሞተር የሚገኙት ከተሳፋሪው መሳቢያ ጀርባ ነው፤ ለመድረስ ዳሽቦርዱን መንቀል አያስፈልግም። «ኤሲው አልቀዘቅዝ አለ» ተብሎ ከሚመጣው መኪና ስንቱ ነው ማጣሪያው በአፈር የተደፈነ! ማጣሪያው ከተቀየረ፣ ማራገቢያው ከተጸዳ፣ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ከታዩ በኋላም ችግሩ ካለ ያኔ ስለ ትልቁ ሥራ ማሰብ ይቻላል። ይህን ሳያደርግ ካቻቢቴ ያነሳ ሰው የማይመለስ ቀን ያባክናል።

እኛ አገር ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ይህ ዳሽቦርድ ከፋብሪካው ከወጣ ወዲህ ተፈትቶ ያውቃል? ጥያቄው ብዙ ያስጨንቀኛል፤ መልሱ የመሪንና የፍሬንን ነገር ይነካልና። ኢትዮጵያ በመንገዱ ቀኝ መንዳት የጀመረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በግራ ነበር የሚነዳው። ጃፓን ዛሬም በግራ ትነዳለች፤ መኪናዋም መሪው በስተቀኝ ነው። በከተሞቻችን ከምናያቸው ቪትዞች፣ ኮሮላዎችና ሃይኤሶች ውስጥ ብዙዎቹ ጃፓን ውስጥ ተነድተው ያረጁ፣ ከዚያም በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ወርክሾፖች መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ የመጡ ናቸው። መሪ ሲዞር ዳሽቦርዱ ሙሉ በሙሉ ይነቀላል። የመሪው ዘንግ፣ ፔዳሎቹ፣ የፍሬኑ ሲሊንደርና የመሪው ጥርስ ወደ ሌላው ወገን ይዛወራሉ፤ ሞተሩን ከተሳፋሪው የሚለየው ላሜራ ይበሳል፣ አሮጌው ቀዳዳ ይደፈናል፣ አጭር የሆነው ሽቦ ሁሉ ይቀጠላል።

እንዲህ ያለ መኪና ይዞ የፋብሪካውን መመሪያ መጽሐፍ የሚከተል ሰው ስለ ሌላ መኪና የተጻፈ እያነበበ ነው። መጽሐፉ ብሎን አለበት ያለው ቦታ ላይ ሙጫ ያገኛል፤ አንድ ሶኬት ያለው ቦታ ላይ በፕላስተር የተጠቀለሉ ብዙ ቅጥያዎች ያገኛል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መኪናውን ማንበብ ያስፈልጋል። ዝናብ መጥረጊያው የማይደርስበት የመስታወት ጥግ በተሳፋሪው በኩል መሆን ሲገባው በሹፌሩ በኩል ከሆነ መሪው ዞሯል። ኮፈኑ ሲከፈት በስተቀኝ ላሜራው ላይ የተለጠፈ ወይም የተበየደ ክዳን ከታየ ዞሯል። ከመሪው ሥር ያለው ሽፋን ሲወርድ ፋብሪካ ከጠቀለለው የሽቦ ጥቅል ውጭ ሌላ ዓይነት ፕላስተር ካለም ዞሮ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ የፍጥነት ማሳያው መሃል ላይ ስለሆነ በማሳያው ቦታ ብቻ መለየት አይቻልም፤ በእሱ ላይ ሌሎቹን ምልክቶች ማየት ይበጃል።

በጥሩ እጅ የዞረ አለ፤ እሱን ዓመታት ነድተው ምንም ያላገኛቸው ብዙ ናቸው። በጥድፊያ የተሠራውም አለ። ዳሽቦርዱ ለኤሲ ተብሎ የወረደ ዕለት የፔዳሎቹን መያዣ፣ የመሪው ዘንግ የታሰረበትን ብረትና የላሜራውን ብየዳ በባትሪ ብርሃን ሳያዩ መልሶ መግጠም ትልቅ ጥፋት ይመስለኛል። ያ ቦታ እንደገና የሚታይበት ቀን ላይመጣ ይችላል።

መኪናው ተጥሎ አዲስ የሚገዛበት ዘመን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ጭሮ፣ ሂርና፣ በዴሳና ገለምሶ ላይ የሚዞረው አሮጌ ቶዮታ ገና ብዙ መሥራት አለበት። ዕቃው ሲጠፋ አዲስ አበባ መርካቶ ሱማሌ ተራ ድረስ ይላካል፤ አንዲት የተሰበረች የዳሽቦርድ ክሊፕስ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ታስጠብቃለች። ስለዚህ ሲፈታ አለመስበር ራሱ ገንዘብ ነው። ፀሐይ ያደረቀው ፕላስቲክ በቀዝቃዛ ማለዳ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ የጭሮ ጠዋት ደግሞ ይበርዳል። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ውስጡን ካሞቀችው በኋላ መጀመር፣ ክሊፕሱንም በብረት ከመፈልፈል በጨርቅ በተጠቀለለ ወይም በፕላስቲክ ማንሻ ማላቀቅ ይሻላል።

የመጀመሪያው ሥራ የፊት ጎማዎችን ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል። ቀጥሎ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀላል፤ ከዚያ ይጠበቃል። የኤርባጉ ኮምፒውተር ባትሪው ቢነቀልም ኤርባጉን የሚያፈነዳ ኃይል ለጥቂት ጊዜ ያጠራቅማል። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰኮንድ ጠብቁ ይላል፤ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ቡና ጠጥቶ መመለስ የተሻለ ነው። የኤርባግ ሽቦና ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነው። ቢጫ ሶኬት በመለኪያ አይነካም፣ በቴስተር መብራት አይሞከርም። የወረደ ኤርባግ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ልጆች በማይደርሱበት ክፍል ይቀመጣል፤ በፊቱ ቢደፋና ቢፈነዳ እንደ ሮኬት ወደ ላይ ይወረወራል።

በተሳፋሪው በኩል ዳሽቦርዱ ውስጥ ስላለው ኤርባግ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ማፈንጃዎች የያዙት አሞኒየም ናይትሬት በረጅም ዓመታት ሙቀትና እርጥበት እየተበላሸ፣ ኤርባጉ ሲከፈት ቆርቆሮው ራሱ እየተሰነጠቀ ሰው ስለገደለ በዓለም ዙሪያ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ተጠርተዋል። ኩባንያው በ2017 እ.ኤ.አ. ኪሳራ አወጀ። ከተጠሩት ውስጥ ቪትዝና ኮሮላ ይገኙበታል። አሮጌ ቶዮታ ያለው ሰው የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ መኪናው ከተጠሩት መካከል መሆኑን ቢያጣራ መልካም ነው፤ ከወዳደቀ መኪና የተፈታ ኤርባግ ገዝቶ መግጠም ግን በምንም ዋጋ አይመከርም።

ከዚያ መፍታቱ ይቀጥላል፤ ሥርዓቱ ከመኪና መኪና ቢለያይም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ በክሊፕስ ብቻ የተያዙት የጎን ሽፋኖችና የአየር ማውጫዎቹ ዙሪያ ይነሳሉ፤ ሬዲዮው፣ የኤሲው መቆጣጠሪያና ጌጁ ይወጣሉ፤ መሳቢያው ይወርዳል፤ በመሃል ያለው ኮንሶል ከማርሹና ከእጅ ፍሬኑ ዙሪያ ይላቀቃል። አባዱላ በሚባለው ሃይኤስ ላይ ማርሹ ከወለሉ ሳይሆን ከዳሽቦርዱ ስለሚወጣ ሥራው ይጨምራል። ቶዮታ አብዛኛውን ብሎን በ10 ቁልፍ ስለሚያስር መሣሪያው ብዙ አይደለም። ብዙ የሚያስፈልገው ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ሶኬት ከመነቀሉ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳ፤ በወረቀት ፕላስተር ላይ ስም ይጻፍበት። ለብሎኖቹ ደግሞ ሰፊ ካርቶን ላይ የዳሽቦርዱን ቅርጽ ስሎ እያንዳንዱን በወጣበት ቦታ መሰካት ከምንም ዘዴ ይበልጣል፤ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ቢገባ ከኋላ ያለውን ሽቦ ይበሳልና። አንድ ቦታ እምቢ ካለ ጉልበት አይጨመርም። ያልታየ ብሎን አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመስታወቱ ሥር ባሉት ጥጎች ወይም ከጌጁ ጀርባ ይገኛል። መጨረሻ ላይ ዳሽቦርዱን ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ይዞ ወደ ኋላ ስቦ ያወጣዋል።

ኢቫፖሬተሩ የሚወጣ ከሆነ ጋዙ አስቀድሞ በባለሙያ ማሽን መውጣት አለበት። ግቢ ውስጥ ቱቦ ፈትቶ መልቀቅ ዓይንና ጣት በብርድ ያቃጥላል፤ ጋዙም ለአየሩ ጥሩ አይደለም። የማሞቂያው ራዲያተር ከሆነ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ውኃው ይቀዳል።

መግጠሙ ላይ የሚረሱ ነገሮች ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። ከላሜራው ጋር የሚታሰረው የመሬት ሽቦ ካልተመለሰ ጌጁ ያብዳል፤ የግራ ፍሬቻ ሲበራ ሬዲዮ ይጠፋል። የኢቫፖሬተሩ ውኃ ማፍሰሻ ቱቦ ከወለሉ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ ውኃው ምንጣፉ ሥር ይጠራቀማል። የኤሲው ቱቦዎች መጋጠሚያ ላይ ያሉት የጎማ ቀለበቶች በአዲስ ካልተተኩ ጋዙ ተመልሶ ያመልጣል። የሽቦው ጥቅል በብረቱና በፕላስቲኩ መካከል ከተጨፈለቀ ከወራት በኋላ ይጮሃል። በመሪው ሥር ደግሞ የኤርባጉንና የጥሩምባውን መስመር የሚያስተላልፍ ጠመዝማዛ ሪባን አለ፤ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ሪባኑም መሃሉ ላይ ሆኖ ካልተገጠመ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ይበጠሳል። የመሪው ዘንግ ጥርስና መገጣጠሚያው ሲለያዩ በቀለም ምልክት ከተደረገባቸው ሲመለሱ መሪው ተጣሞ አይቆምም። የዘንጉና የተሻጋሪው ብረት ብሎኖች ሁሉ መጥበቃቸውን ሌላ ሰው እንደገና በቁልፍ ይፈትሽ።

ለመፈተሻ ወደ ሚኤሶ መውረድን የመሰለ የለም። ቁልቁለቱ ላይ መሪውና ፍሬኑ ይታያሉ፣ ኩርባው ላይ ኩርኩርታው ይሰማል፣ ቆላው ላይ ኤሲው ይፈተናል፤ መኪናው ቆሞ ከሥሩ ውኃ ጠብ ጠብ ካለ ማፍሰሻው በትክክል ገብቷል። ከግቢ ከመውጣት በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ቁልፉ ሲዞር የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሰኮንድ በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ አንድ ቢጫ ሶኬት አልገባም ወይም ሪባኑ ተጎድቷል፤ በኮምፒውተር መነበብ ይኖርበታል። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ወጥቷል ወይም መስመሩ ተቆርጧል፤ ኤርባጉ ከነጭራሹ ላይኖርም ይችላል። ያገለገለ መኪና የሚገዛም ሰው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ቁልፉን አዙሮ ያቺን መብራት ይይ።