እምቢተኛው ወርቅና የመርዙ ጢስ

ወርቅ ሁሉ በገበቴ ታጥቦ የሚገኝ አይደለም። ቅንጣቱ በዓይን እስከማይታይ ድረስ ደቅቆ፣ ድኝና ብረት አርሴኒክ ከተባለው መርዝ ጋራ በተዋሐዱበት ደንጊያ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ወርቅ አለ። እንዲህ ያለውን ደንጊያ ቢፈጩት እንኳ ወርቁን የሚያሟሟው የሲያናይድ ውሃ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ «እምቢተኛ» መባሉም ስለዚህ ነው።

የቀድሞው ዘዴ እሳት ነበረ። በሰሜን ካናዳ፣ በየሎናይፍ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የጃይንት ማዕድን ከ1949 ጀምሮ (የምንጠቅሰው ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የደንጊያውን ዱቄት ይቆላው ጀመር። መቁላት ስንል እንደ ቡና ማለታችን አይደለም፤ ሙቀቱ ወደ 500 ዲግሪ ይደርስ ነበረ። ድኙ ተቃጥሎ ሲወጣ የቀረው ዱቄት ቀዳዳ ይበዛበታል፤ ሲያናይዱም በዚያ ገብቶ ወርቁን ያወጣል።

ነገር ግን አርሴኒኩም አብሮ ወጣ። በመጀመሪያ ጢሱን የሚያጣራ መሣሪያ ስላልነበረ መርዙ ነጭ ዱቄት ሆኖ በበረዶው ላይ ወረደ፤ ዴኔ የተባሉት የአገሩ ነባር ሰዎች ደግሞ በረዶውን አቅልጠው ይጠጡት ነበረ። በ1951 ከነሱ ወገን የሆነ አንድ ሕፃን በመርዙ ሞተ። ለቤተ ሰቡ የተከፈለው ካሣ 750 ዶላር ነበረ። ይህን ገንዘብ ከወርቁ ዋጋ ጋራ ማስተያየቱን ለአንባቢዎቻችን እንተዋለን።

በዚያው ዓመት ማጣሪያ ተተከለ፤ የተያዘውም ዱቄት ከመሬት በታች በተፈለፈሉ ክፍሎች ይከማች ጀመር። ቁላው በ1999 እስኪቆም ድረስ 237,000 ቶን ተጠራቀመ። ማዕድኑ የሰጠው ወርቅ 7 ሚሊዮን አውንስ ያህል ስለ ሆነ፣ ለአንድ ኪሎ ወርቅ አንድ ቶን ያህል መርዝ ደረሰው ማለት ነው። ዱቄቱም በውሃ የሚሟሟ ነው። ባለቤቱ ኩባንያ ስለ ከሰረ ጥበቃው የካናዳ መንግሥት ዕዳ ሆነ፤ የተቆረጠውም ዕቅድ ክፍሎቹን በዙሪያቸው ካለው አለት ጋራ አቀዝቅዞ ማቆየት ነው።

በደቡብ አፍሪካ፣ በባርበርተን አጠገብ በሚገኘው በፌርቪው ማዕድን ግን በ1986 ሌላ መንገድ ተጀመረ። በዚያ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። አየር በሚነፋባቸው ታላላቅ ጋኖች ውስጥ፣ 40 ዲግሪ ያህል በሞቀ ውሃ፣ ብረቱንና ድኙን ምግባቸው አድርገው ደንጊያውን ቀን በቀን ይሸረሽሩታል። አርሴኒኩ ወደ ጢስ አይሄድም፤ በውሃው ውስጥ ይቀራል፤ ኖራ ሲጨመርበትም ከብረቱ ጋራ ተጣብቆ ይዘቅጣል። ዝቃጩም በግድብ ተከቶ ይጠበቃል።