ሁለቱ ልጆች የት ገቡ?

እናንተዬ፣ ገዳዩ ታውቆም አንባቢ ይጣላል! ነገሩ እንዲህ ነው። ታና ፍሬንች እ.ኤ.አ. በ2007 «ኢን ዘ ውድስ» የተባለ የመጀመሪያ ልቦለዷን አወጣች። በ1984 ደብሊን አጠገብ ሦስት የ12 ዓመት ልጆች ጫካ ገቡ። ሁለቱ በዚያው ቀሩ። ሦስተኛው ጥፍሩን ዛፍ ላይ ተክሎ፣ ጫማው ደም ሞልቶበት ተገኘ። ምንም አያስታውስም። ከ20 ዓመት በኋላ ማንነቱን ደብቆ መርማሪ ፖሊስ ሆኗል። እዚያው ጫካ ዳር የ12 ዓመት ልጅ ተገደለች፤ ምርመራው እሱው እጅ ገባ።

መጨረሻውን መስማት የማትፈልጉ እዚህ ላይ አቁሙ! የልጅቷ ገዳይ ይታወቃል። የሁለቱ ልጆች ነገርስ? ወፍ የለም። ጠቡም ከዚህ ይጀምራል። አንዱ ወገን ያን ሁሉ ገጽ አስነብባ ሜዳ ላይ ጣለችን ባይ ነው። ሌላው ደግሞ ልጅ የጠፋበት ቤተሰብስ መቼ መልስ አግኝቶ ያውቃል ይላል። ዳኞች በ2008 የኤድጋርን የመጀመሪያ ልቦለድ ሽልማት ሸልመዋታል።

እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ያናደደኝ ሌላ ነው፦ ሰውዬው የልብ ጓደኛው ከሆነችው መርማሪ ጋር አንድ ሌሊት አድሮ ፊቱን ያዞርባታል። እሷ ምን በደለች? ለዚህ እንኳ ጫካውን ማሳበብ አይቻልም።

የመጨረሻውን ገጽ አስቀድማችሁ የምታነቡ ግን አትድከሙ፤ እዚያም የለም።